ለአንድ ሰው ሁለት መቀመጫ

ነሐሴ አሥራ አራት ቀን፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ላይ፣ ከነጂዋ ጋር ሰባት ሰው የጫነች ባለሸራ ጀልባ ሽንፋ ወንዝ ላይ ከዳር ሠላሳ እርምጃ ያህል እንደራቀች በኋላዋ በኩል ውኃ አስገባች። የተጎዳ ሰው የለም። አንድ ኩንታል ጨው ረጠበ፤ የአንዲት ነጋዴ ሴት አንድ እግር ጫማ በውኃ ተወሰደ። ከሰባቱ አንዱ እኔ ነበርሁ። በጣሳ ውኃ እየቀዳሁ ስለነበር ወደ ዳር የተመለስንበትን ሰዓት አልመዘገብሁም።

ውኃው የገባው ከአራት ቀን በፊት በጀልባዋ ኋላ በገጠምናቸው ሁለት የብረት መቀመጫዎች ምክንያት ነው። «ገጠምናቸው» የምለው እኔም ስላለሁበት ነው። ያዘዙት ባለጀልባው ናቸው፤ የበየደው የሽንፋ ከተማ በያጅ ነው፤ ሥዕሉን በማስታወሻ ደብተሬ ላይ የሣልሁት ግን እኔ ነኝ።

ባለጀልባው ስድሳ ዓመት ያለፋቸው የጣና ዳር ሰው ናቸው። ወደ ቆላ የወረዱት እንደ ብዙው ሰው ለሰሊጥ አረም ነበር። «ለአንድ ክረምት መጣሁ፤ ክረምቱ አላልቅ አለኝ» ይላሉ። ሽንፋ ወንዝ በበጋ ሱሪ ሰብሰብ አድርጎ የሚሻገሩት ነው። በክረምት ግን ከከተማዋ በላይ ባለው መታጠፊያ ይተኛና ሐይቅ ይመስላል። እርሻው የሚበዛው፣ መንደሩም ያለው በማዶ ነው። በድልድዩ ዞሮ መሄድ የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ መንገዱም ዋልካ ስለሆነ ዝናብ ከጣለ ትራክተር ራሱ ይቀበርበታል። ያን ክረምት እኔ ሽንፋ ላይ ቤት ተከራይቼ የእርሻውን ወሬ ወደ ጎንደር እልክ ነበር። ስለዚህ የምጽፈው ነገር ሁሉ በማዶ ነበር፤ ወደ ማዶ የሚያደርሰኝም እሳቸው ብቻ።

ጀልባዋን ከአራት ዓመት በፊት እሳቸውና በያጁ ከአሮጌ ተሳቢ ላሜራ ነው የሠሯት። መጀመሪያ ሞተር ነበራት። ከድንበሩ ማዶ ጦርነት ከተነሳ ወዲህ ቤንዚን እንደ ልብ አልገኝ ሲል ሞተሩን ፈተው ምሰሶ ተከሉባት፤ ሰሊጥ የሚራገፍበትን ሸራም ሰቀሉ። መንገደኛው ሸራ ያለው ጀልባ አይቶ ስለማያውቅ በመጀመሪያው ሳምንት ማንም አልተሳፈረም። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ባለእርሻ ቸኩሎ ተሳፈረ፤ ከዚያ በኋላ ወረፋ ሆነ።

አምና በመከር ወቅት የተሳቢ መንጠቆ ወድቆ የባለጀልባውን ቀኝ ጉልበት መታው። ጉልበቱ ዳነ፤ መታጠፍ ግን አቆመ። ከዚያ በፊት ኋላ ቁጢጥ ብለው የመሪውን እጀታ በብብታቸው ይዘው ነበር የሚነዱት። ከዚያ በኋላ ቆመው መንዳት ጀመሩ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ አንድ የነፋስ ግፊት ሸራውን ሲመታው እሳቸው ተሳፋሪው ላይ ወደቁ፤ ጀልባዋም እየዞረች ወርዳ የሾላ ቅርንጫፍ ያዛት። ያን ዕለትም የተጎዳ አልነበረም። ሆኖም በሳምንቱ የማዶው መንደር ሽማግሌ መጡ። ረጅም፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ዱላቸውን ከእጃቸው የማይለዩ ሰው ናቸው።

«እኛ እርስዎን አልጠላንም» አሉ። «ቆሞ የሚነዳ ሰው ግን ሲወድቅ ብቻውን አይወድቅም።»

«ቁጭ ማለት እምቢ ያልሁት እኔ ነኝ? ጉልበቴ እኮ ነው።»

«እንግዲያስ ከጉልበትዎ ጋር ይመካከሩ። ተቀምጠው ይንዱ፣ ወይም ይተዉት።»

ባለጀልባው ቢተዉት የት እንደሚሄዱ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ጣና ዳር ያለው ታናሽ ወንድማቸው ሦስት ጊዜ «ክፍል አለን፣ ና ግባ» ብሎ ልኮባቸዋል። እሳቸው ይህን ሲነግሩኝ «ክፍል ውስጥ ቀኑን ሙሉ ምን ይሠራል?» ብለው ጠየቁኝ።

በርጩማ ሞክረናል። ጀልባዋ ውስጥ ሲቀመጡ የተዘረጋው እግራቸው የሁለት ሰው ቦታ ይይዛል፤ ዝቅ ስለሚሉም በሸራው ሥር አሻግረው ማየት አይችሉም። ያኔ ነው ባሕር ዳር ለሥራ ሄጄ ያየሁት ነገር ትዝ ያለኝ። አንድ ጀልባ በኋላዋ ሁለት ማዕዘን ላይ፣ ከመደገፊያው ብረት ጋር የታሰሩ ትንንሽ መቀመጫዎች ነበሯት። የእኛዋም በኋላዋ ዙሪያ የታጠፈ የውኃ ቧንቧ አላት፤ ሰው ሲሳፈር እንዲይዘው ተብሎ የተገጠመ። በዚያ ቧንቧ ማዕዘን ላይ ቢቀመጡ እግራቸው በጠርዙ በኩል ይዘረጋል፣ ዓይናቸውም ከሰው ራስ በላይ ይሆናል። ሣልሁት። ደብተሩን ይዘን ወደ በያጁ ሄድን።

በያጁ የጎንደር ከተማ ልጅ ነው፤ አርባ ዓመት ቢሆነው ነው። የትራክተር ዲስክና ተሳቢ ሲጠግን የኖረ፣ እጁ የማያርፍ፣ አፉም እንደ እጁ ነው።

«ሁለት?» አለ ሥዕሉን አይቶ።

«ሁለት» አሉ ባለጀልባው።

«አያ፣ የሚቀመጡት እርስዎ ብቻ አይደሉም እንዴ?»

«እኔ ብቻ።»

«ታዲያ ሁለተኛው ለማን ነው? እንግዳ ይመጣል?»

«ነፋስ ይመጣል» አሉ። የበያጁን ጓንት ከጠረጴዛው ላይ አንስተው በጣታቸው አቁመው ያዙና «ይህ ሸራው ነው» አሉት። «ስሄድ ነፋሱ በግራዬ ነው፤ ጀልባዋ ወደ ቀኝ ታጋድላለች። ስለዚህ በግራ ተቀምጬ ክብደቴን እሰጣታለሁ። ስመለስ ነፋሱ በቀኜ ነው። ያኔስ የት ልቀመጥ?»

«ይህስ ትራክተር ላይ የለም» አለ በያጁ።

«ስለሌለማ ነው የምነግርህ።»

በያጁ በሁለት ቀን ጨረሰ። ከአሮጌ ትራክተሮች የተፈቱ ሁለት የብረት መቀመጫዎች አገኘ፤ ከሥራቸው አንጎላሬ የሚባለው ወፍራም ባለማዕዘን ብረት፣ ከጀርባቸው ከቶንዲኖ ብረት የተሠራ መደገፊያ፣ ከፊታቸው የእግር ማሳረፊያ በየደላቸው። ያማሩ ነበሩ። ቀይ ቀለምም ቀባቸው። እኔ «አልከበዱም?» አልሁት።

«መክበድማ አለባቸው» አለኝ እንደ ማዘን ብሎ። «ኋላው የቀለለ ነገር መሬት አይነክስም፤ ዝም ብሎ ይሽከረከራል። ኋላው ከበድ ሲል ነው የሚጎትተው።»

ለትራክተር እውነት ነው። ባለጀልባው በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። እሳቸውም ውኃ ላይ ካደጉ በኋላ ረጅም ዓመት በትራክተር አገር ኖረዋል። እኔም ነቀነቅሁ። መቀመጫዎቹን ሰሊጥ መጋዘኑ ሚዛን ላይ አስቀመጥናቸውና ደብተሬ ላይ «ሁለቱ አንድ ላይ 64 ኪሎ» ብዬ ጻፍሁ። ቁጥሩ ትክክል ነው። ከየትኛው ቁጥር ጋር ማነጻጸር እንዳለብኝ ግን ማንንም አልጠየቅሁም።

ቆላ ውስጥ ኩንታል ያልተጫነበት ነገር አይታመንም። አልጋም ቢሆን፣ መሰላልም ቢሆን፣ የቦይ ድልድይም ቢሆን መጀመሪያ ሰሊጥ ይጫንበታል። ስለዚህ ጀልባዋን ጎትተን ዳር ላይ ሁለት ግንድ አጋድመን አስቀመጥናት፤ መቀመጫዎቹን ከቧንቧው ጋር በብሎን አሰርናቸው፤ በእያንዳንዳቸው ላይ አንድ አንድ ሙሉ ኩንታል ጫንን። በያጁ በግራው ኩንታል ላይ ወጥቶ ዘለለ። ቧንቧው ንቅንቅ አላለም።

«ሁለት ኩንታል!» አለ ከላይ ሆኖ። «አያ፣ እርስዎ ሁለት ኩንታል ይሆናሉ?»

ዳር የቆመው ሰው አጨበጨበ። ከሃያ የማያንስ ሰው ነበር፤ ጀልባዋ መሬት ላይ መሆኗን ሁላችንም እያየን ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነፋሱ ዝግ ያለ፣ ተሳፋሪውም ሁለት ሦስት ሰው ብቻ ስለነበር ምንም አልተፈጠረም። አንድ የቀን ሠራተኛ ብቻ «አፍንጫዋን ምነው እንዲህ ቀና አደረገች?» ብሎ ጠየቀ። ባለጀልባው ቀይ መቀመጫቸው ላይ እንዳሉ «ኮርታ ነው» አሉት። በአራተኛው ቀን ሰባት ሆነን ጨውም ጭነን ወጣን፤ ነፋሱ ሲበረታ ኋላዋ ወደ ውኃው ወረደ።

ዳር ደርሰን ጨውን ካወረድን በኋላ የሆነውን አስታውሳለሁ። የጨው ባለቤት ነጋዴዋ ሴት በአንድ እግሯ ጫማ ቆማ በያጁን ከሱቁ አስጠራችው።

«ትራክተርህን ውሰድልን!» አለችው። «እኔ ጀልባ ነው የተሳፈርሁ። ጫማዬ እንደሆነ ይኸኔ ሱዳን ገብቷል፤ ያለ ወረቀት።»

«ሌላኛውንም ላኪለት» አለ በያጁ። «ብቻውን ምን ያደርጋል?»

ሰው ሳቀ። የማዶው ሽማግሌ ግን አልሳቁም። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ እሳቸው ነበሩ፤ እስከ ወገባቸው ርሰዋል፤ ውኃውንም በባርኔጣቸው ሲቀዱ ነበር። የጀልባዋን ገመድ ከዳር ካለው ሾላ ጋር አሰሩ። ከዚያም ዱላቸውን በቋጠሮው ውስጥ አሳልፈው አጠበቁት። የሽማግሌ ዱላ የገባበትን ቋጠሮ ከሽማግሌው በቀር የሚፈታው የለም።

«ጳጉሜን አንድ ቀን መጥቼ እፈታዋለሁ» አሉ። «ወይ ለጉዞ፣ ወይ ለሽያጭ።»

ከዚያ ያለ ዱላቸው በድልድዩ በኩል ወደ ቤታቸው ተጓዙ። ያን ቀን ዋልካው ረጥቦ ነበር።

ባለጀልባው ለሁለት ቀን ከቤት አልወጡም። በሦስተኛው ቀን ስሄድ ሸራውን አጣጥፈው በገመድ ጠፍረውት አገኘኋቸው። ስለ ሌላ ነገር ለማውራት ሞከርሁና አልሆነም፤ ስለዚህ የለመድሁትን አደረግሁ፤ ጠየቅሁ።

«መቀመጫዎቹ ሳይገጠሙ ከጠርዟ እስከ ውኃው ስንት ነበር?»

«ምኑ?»

«ኋላዋ ላይ። ጠርዟ ከውኃው በስንት ከፍ ይላል?»

«እኔ በዓይኔ ነው የማውቀው እንጂ ለክቼው አላውቅም።»

ቋጠሮውን ሳንነካ ለካን። ጀልባዋ ባዶዋን፣ መቀመጫዎቹ እንደተገጠሙ፣ ኋላዋ አሥራ ሰባት ሳንቲም። እሳቸው መቀመጫው ላይ ሲወጡ አሥራ አንድ። ብሎኖቹን ፈተን ብረቱን ዳር አወጣንና ለካን፤ ሃያ አራት። እሳቸው የታጠፈ ጆንያ ቧንቧው ላይ አድርገው በዚያው ቦታ ሲቀመጡ አሥራ ዘጠኝ። ቁጥሮቹን አንዱን ከአንዱ ሥር ጻፍሁና ደብተሩን ሰጠኋቸው። በጣታቸው አንድ በአንድ ወረዱባቸው።

«ቦታው ልክ ነው ማለት ነው» አሉ በመጨረሻ።

«ቦታው ልክ ነው። የከበደው ብረቱ ነው።»

በያጁ መጥቶ ከኋላችን ቆሞ ኖሯል። «ለምን ቀድማችሁ አልነገራችሁኝም?» አለ። ተቆጥቶ አልነበረም።

«እኛስ መች አወቅን?» አሉት።

ነገሩ እዚያ የሚያልቅ አልነበረም። ብረት ካልሆነ ምን ይሁን? ጣውላ ውኃ ሲጠጣ ይከብዳል። ቀጭን ብረት ቢሆን በያጁ ራሱ አያምነውም። ሳምንት አለፈ፤ ሾላው ላይ ያለው ዱላ ዝናብ እየመታው ሰነበተ። ነሐሴ ሃያ አራት ቀን እኔ ለሥራ ወደ መተማ ስወርድ ባለጀልባው ሸራውን ተሸክመው መኪናው ውስጥ ገቡ። የት እንደሚሄዱ አልጠየቅሁም። ሸራ የሚገዛው ማን እንደሆነ አውቃለሁ።

በመተማ ገበያ ገመድ፣ ሸራና የሱዳን አልጋ የሚሸጡ አንዲት ትልቅ ሴት አሉ፤ ሁሉም ሰው ሐጃ ይላቸዋል። ሱቃቸው በር ላይ ባንበር በሚባለው አጭር በገመድ የተጠለፈ መቀመጫ ላይ ሆነው ሸራውን ዘረጉት፤ የተጣፈበትን በጣታቸው ዳሰሱ፤ አሸተቱት።

«ይህ ሸራ ሰሊጥ ከቀመሰ ቆይቷል። የት ነው የነበረ?»

ባለጀልባው ነገሯቸው። በአጭሩ ሊነግሯቸው አስበው ነበር፤ ሐጃ ግን በየመሐሉ እየጠየቁ ሁሉንም አስወጧቸው። ጉልበቱን፣ መቀመጫዎቹን፣ ኩንታሎቹን፣ ዱላውን። የትራክተሩ መቀመጫ ጋ ሲደርሱ ሐጃ እጃቸውን አነሱ።

«ቆይ ቆይ። ለሰው ብረት?»

«እንዲጠነክር ብለን ነው።»

«ያ ዞል!» አሉ ሐጃ፤ በሱዳንኛ «አንተ ሰው» እንደማለት ነው። ተነሱና የተቀመጡበትን ባንበር በአንድ ጣታቸው አንጠልጥለው ለባለጀልባው አቀበሏቸው። «ያዙት እስቲ።»

ባለጀልባው ያዙት። አገላብጠው አዩት። ከፍ አደረጉት፣ ዝቅ አደረጉት። ከዚያ በሁለት እጃቸው ያዙት።

«እኔ በዚህ ላይ መቀመጥ ከጀመርሁ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው» አሉ ሐጃ። «እኔን ያዩኛል፤ ቀላል ሴት አይደለሁም። የሚሸከመኝ ገመዱ ነው፤ እንጨቱ ገመዱን ከመያዝ በቀር ሥራ የለውም።»

«በጠፍር ቢሆንስ?» አልሁ። በጎንደር በኩል አልጋ በጠፍር ነው የሚሠራው።

«ቆዳ ሲረጥብ ይረግባል። ውኃ ላይ ቆዳ?» አሉኝና ፊታቸውን ወደ ባለጀልባው መለሱ። «የጭነት መኪና የሚያስሩበት የፕላስቲክ ገመድ አለኝ። ውኃ አይጠጣም። ሸራውን ግን አልገዛዎትም። ሸራ የሌለው ሰው ገመድ ምን ያደርግለታል?»

ሐጃ ጠለፋውን አሳዩአቸው። ከሥር ሁለት፣ ከላይ አንድ፣ በአራተኛው መሻገር። ሁለተኛ ማሳየት አላስፈለገም። ባለጀልባው በልጅነታቸው ጣና ላይ ደንገል እያሰሩ ታንኳ ሲሠሩ ኖረዋል፤ ጣታቸው ነገሩን ቀድሞ ያውቀዋል። በሦስተኛው ረድፍ ላይ ሐጃ እጃቸውን ሰበሰቡና «ኸላስ» አሉ፤ አለቀ ማለታቸው ነው። «ይህ ሰው እኔን ሊያስተምር ነው የመጣው።»

ሸራውንም ገመዱንም ተሸክመን ተመለስን።

ለአዲሶቹ መቀመጫዎች ክፈፍ ሽመል፣ የቆላ ቀርከሃ፣ ያስፈልግ ነበር። ቆላ ሽመል ሞልቷል፤ ነገር ግን በክረምት የሚቆረጠው እርጥብ ነው፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የደረቀ ማን ጋ ይገኛል እያልን በያጁ ሱቅ ውስጥ ቆመን ስንከራከር እሱ ቀና ብሎ ጣራውን አየ። የሱቁ ዳስ በደረቅ ሽመል ነው የተሠራው። መሰላል አቁሞ ስድስት ሽመል መዘዘ። ዳሱ በአንድ ወገን ዘመም አለ።

«ዝናብ ቢገባብህስ?» አሉት ባለጀልባው።

«እኔ ብረት ሠሪ ነኝ፤ ዝገት እንጂ ዝናብ አያስፈራኝም» አላቸው።

በያጁ በዚህኛው ሥራ ላይ የበየደው ጥቂት ነው፤ ክፈፉን ከቧንቧው ጋር የሚያጣብቁ ስምንት ትንንሽ የብረት ቅንፎች። ብረቱ ሽመሉን እንዳይበላው ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ በመሐል አደረገ። ብሎኖቹን እያንዳንዳቸውን ሦስት ሦስት ጊዜ አጠበቀ። ጠለፋውን ባለጀልባው በቤታቸው በር ላይ ሆነው ሠሩት፤ ሦስት ቀን ፈጀባቸው። በሁለተኛው ቀን ስሄድ የጨው ነጋዴዋ አጠገባቸው ተቀምጣ ገመዱን ትወጥርላቸው ነበር። አዲስ ጫማ አድርጋለች።

«የምረዳዎት ስለወደድሁዎት እንዳይመስልዎ» ትላቸዋለች። «ማዶ የሸጥሁት ጨው አለ፤ ገዢው እየጠበቀኝ ነው።»

«ዝም ብለሽ ወጥሪ።»

ሰሊጥ መጋዘኑ ሚዛን ላይ ወሰድናቸው። ሁለቱ አንድ ላይ አሥራ አንድ ኪሎ ተኩል። ከስድሳ አራቱ ሥር ጻፍሁት።

ነሐሴ ሠላሳ ቀን ሞከርናቸው። በያጁ በልማዱ ኩንታል አሸክሞ መጣ።

«ኩንታሉን ተወው» አሉት ባለጀልባው። «ኩንታል አያጋድልም። አንተ ውጣ።»

«እኔ?»

«አንተ። ውኃው ላይ።»

በያጁ ዋና አይችልም። ይህን ማንም አያውቅም ነበር፤ ያን ዕለት ሁላችንም አወቅን። ጀልባዋ ከነቋጠሮዋ ውኃ ላይ እንዳለች ወደ ግራው መቀመጫ በአራት እግሩ ወጣ፤ ቧንቧውን በሁለት እጁ ያዘ፤ ዓይኑን ጨፈነ።

«ወደ ውጭ ዘንበል በል።»

«ዘንበል ብያለሁ!»

«ገና ምንም አላልህም።»

«አያ፣ የእናቴ ልጅ እኔ ብቻ ነኝ!»

«ዘንበል!»

ዘንበል አለ። ገመዱ ሲጢጥ አለ፤ ሽመሉ ለመጥ ብሎ ተመለሰ፤ ቅንፎቹ ከቦታቸው አልተነሱም። ዓይኑን ሲገልጥ ራሱን ከውኃው በላይ አገኘው። ወዲያው መውረድ ይፈልጋል ብለን ስንጠብቅ «ቆይ፣ ሌላኛውንም ልሞክር» አለ።

ጳጉሜን አንድ ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ የማዶው ሽማግሌ መጡ። ከዋዜማው በድልድዩ ዞረው ሽንፋ ዘመድ ቤት አድረዋል። ሾላው ሥር ከአርባ የማያንስ ሰው ነበር፤ ግማሹ መሻገር የሚፈልግ ነው። ሁለቱን ቀይ የብረት መቀመጫዎች በያጁ ሾላው ሥር ተክሏቸው ስለነበር የጨው ነጋዴዋ በአንዱ ላይ ተቀምጣ ነበር።

ሽማግሌው መቀመጫዎቹን በእጃቸው አልነኩም። ባለጀልባውና አሥር ሰው፣ ከእነዚህም እኔ፣ በያጁና ነጋዴዋ ከነጨዋ፣ እንዲገቡ አዘዙ። ከዚያ ዳር ተንበርክከው በኋላዋ ጠርዝና በውኃው መካከል መዳፋቸውን በአግድሙ አደረጉ። ሙሉ መዳፍና ሁለት ጣት ሆነ። እኔ በኋላ ስለካው አሥራ አራት ሳንቲም ነበር።

«ያን ቀንስ?» አሉ።

«ያን ቀን አልተለካም» አልኋቸው። «ብረቱና እሳቸው ብቻ ሆነው ግን አሥራ አንድ ነበር።»

ዱላቸውን ከቋጠሮው አወጡና ገመዱን ፈቱ፤ ዱላውን ግን ሾላው ላይ አልደገፉትም፣ ለማንም አላሳዩትም። ይዘውት ገቡና ባዶው የቀኝ መቀመጫ ላይ ተቀመጡ። ዱላውን ጭናቸው ላይ አጋደሙት። «እንሂድ» አሉ።

ባለጀልባው በግራው ላይ ነበሩ። ቀኝ እግራቸው በጠርዙ በኩል ተዘርግቷል፣ የመሪው እጀታ በብብታቸው ሥር ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከአንገታቸው በላይ ብቻ ሲንቀሳቀሱ አየኋቸው። የወንዙ መሐል ስንቃረብ አንገታቸው ወደ ግራ ዞረ። እኔም ያዩትን አየሁ፤ ከምዕራብ በኩል ውኃው ላይ ጠቆር ያለ ነገር እየሮጠ ወደኛ ይመጣ ነበር። ነፋስ ነው።

«አባቴ፣ ከዚያ ይነሱ» አሉ።

ሽማግሌው ዞር አሉ። «ምን?»

«ይነሱ! ወደ ግራ! አሁን!»

በዚያ አገር ሽማግሌውን እንዲህ ያዘዘ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ሽማግሌው ተነሱ። ዱላቸውን በአንድ እጃቸው፣ የሰው ትከሻ በሌላው ይዘው ወደ ግራው ጠርዝ ተሻገሩና ጨው ላይ ቁጭ አሉ። ነፋሱ ደረሰ። ሸራው ተነፋ፤ ጀልባዋ አጋደለች፤ የጨው ነጋዴዋ ስሙን የማልጠራውን ቅዱስ ጠራች። ባለጀልባው ወደ ኋላ ተለጥጠው ክብደታቸውን ከጠርዙ ውጭ አወጡ። ገመዱ ሲጢጥ አለ። አሥር ቆጥሬ ወደ ሃያ ስሄድ ጀልባዋ ቀና አለች፤ ከወትሮውም ፈጥና ሄደች።

ወደ ኋላዋ አየሁ። ወለሉ ደረቅ ነበር።

በያጁ ከፊት ሆኖ «ቅንፎቹ የኔ ናቸው» አለ፤ ለማን እንደሆነ አላውቅም።

ረፋድ አራት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ ላይ ማዶ ደረስን። የጨው ኩንታሉ ወረደ። ተሳፋሪው ሁሉ ወረደ። ሽማግሌው ዱላቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ ተመርኩዘውት፣ ወደ መንደሩ የሚወስደውን አቀበት ያዙ። ወደ ከተማ የሚሻገሩ ስምንት ሰዎች ዳር ላይ ቆመው ነበር፤ አንድ በአንድ ገቡ። ባለጀልባው ቧንቧውን ይዘው ተነሱና በቀኙ መቀመጫ ላይ ተቀመጡ።